ዊንዶውስ 11 ጭናችሁ ኮምፒውተሩ ለሚጠፋባችሁ

ሰላም የአዳማ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ጓደኞች፣

ሰሞኑን ወደ ዊንዶውስ 11 ካሳደጉ በኋላ ሰማያዊ ስክሪን (ዊንዶውስ ከባድ ስህተት ሲገጥመው የሚያወጣው) ያስመረራቸው በዝተዋል። እኔንም ደርሶኛል። ደንበኛ ሲቪ አስጽፎ፣ ፕሪንት ልል ስል ድርግም! ያውም ሦስቴ።

ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የድሮ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከኮምፒውተሩ ዕቃዎች ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ነው፤ የእኔ የግራፊክስ ካርዱ (ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል) ድራይቨር ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ኮድ በስልክ ፎቶ አንሱት። ከዚያ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑ ነገሮች ብቻ የሚነሳበት) ከፍታችሁ የግራፊክስ ድራይቨሩን አጥፉና ከአምራቹ ድረ ገጽ አዲሱን ጫኑ።

እምቢ ካለ ሴቲንግ ውስጥ ሪከቨሪ ገብታችሁ ወደ ድሮው ዊንዶውስ መመለስ ይቻላል። ግን ካሳደጋችሁ በ10 ቀን ውስጥ ብቻ ነው። ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ የድሮው ዊንዶውስ የተቀመጠበትን «ዊንዶውስ ኦልድ» (Windows.old) የሚለውን ፎልደር ከሰረዛችሁት ደግሞ አለቀ። ለማንኛውም ፋይላችሁን ቀድማችሁ ፍላሽ ላይ ገልብጡ።

የኮዱን ፎቶ እዚህ ላኩ፣ አብረን እናየዋለን።