የባዮሎጂ ክበብ፦ ዋጉን ስንከታተል የከረምንበት ዓመት

የዘንድሮ ሥራችን የጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። ቤታቸው ለትምህርት ቤቱ የሚቀርብ ዘጠኝ ልጆች በዚያ ሁሉ ጭቃ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለችውን ቁራጭ መሬት ቆፈሩ። በአንዱ መስመር ከገበያ የገዛነውን ስንዴ፣ በሌላው አንድ ልጅ ከአያቱ ጎታ ያመጣውን ስንዴ ዘራን። ዳር ላይ ትንሽ ገብስ ጨመርን። መድኃኒት አልረጨንም። ዋግ የተባለው በፈንገስ የሚመጣ የሰብል በሽታ ሲመጣ በዓይናችን ማየት ነበር የፈለግነው።

መጣ። መስከረም ማለቂያ ላይ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የገበያውን ስንዴ ቅጠል በነጭ ሶፍት ጠርጋ እየሮጠች መጣች። «ቲቸር፣ እርድ የነካው ይመስላል!» እውነቷን ነው። ሶፍቱ ቢጫ ሆኗል። ቅጠሉ ላይ ያ ዱቄት በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ተደርድሯል። ቢጫ ዋግ ማለት ይሄ ነው። ያለችን ማይክሮስኮፕ አንድ ናት፤ ተሰልፈን አየን። እያንዳንዷ ቅንጣት በነፋስ ተሳፍራ ሌላ ማሳ ላይ የምታርፍ የፈንገስ ዘር ናት።

የአያትየው ስንዴ ግን ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን ደረቅ ጠባሳ ብቻ ነበረው። ዱቄት የለውም። ልጆቹ ግራ ገባቸው። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ ነፋሱም አንድ። ታዲያ ይሄኛው ለምን ዳነ? ዓመቱን ሙሉ ያሠራን ጥያቄ ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሃሮልድ ፍሎር የተባለ አሜሪካዊ ተልባንና የተልባን ዋግ አጥንቶ አንድ ነገር ደረሰበት። ተክሉ ውስጥ ላለች ለእያንዳንዷ የመከላከያ ጂን ፈንገሱ ውስጥ የምትገጥማት ጂን አለች። ይህን ለማስረዳት ልጆቹን ፋሲል ግቢ ወሰድኳቸው። የግቢው አጥር 12 በሮች እንደነበሩት ጎንደር ያደገ ልጅ ያውቃል። በየበሩ ዘበኛ አቆምን። እያንዳንዱ ዘበኛ የሚያውቀው የአንድ ጠላት ፊት ብቻ ነው። ያንን ካየ ይጮኻል፤ ሌላ ፊት ከመጣ ያሳልፋል። ተክሉም እንደዚሁ ነው። ዘበኛው ሲጮህ ዋጉ ያረፈበት ሴል ራሱን ይገድላል። ዋግ ደግሞ ከሕያው ሴል በቀር ምግብ ስለሌለው እዚያው ተርቦ ይሞታል። ጠባሳው የመጣው ከዚህ ነው።

ፈንገሱ ፊቱን ከቀየረስ? እዚህ ላይ ብዙ ቆየን፤ የሚያስቆጭ ታሪክ አለበት። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ስንዴ ሲመታ ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉን በላው። በአንድ ዘበኛ የተማመነ ማሳ እንዲህ ይሆናል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ክፍሉ ጸጥ አለ።

እኔን በጣም ያስደሰተኝ የገብሱ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጀርመን አሳሾች ከኢትዮጵያ የገብስ ዘር ሰብስበው ነበር። በዚያ ገብስ ውስጥ ኤም ኤል ኦ የተባለች ጂን ተበላሽታ ተገኘች። ቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለው ነጭ ሻጋታ ወደ ሴል ለመግባት የዚችን ጂን ፕሮቲን ይፈልጋል። ጂኗ ከተበላሸች መግቢያ ያጣል። አውሮፓውያን ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህችን ጂን በገብሳቸው ውስጥ ይዘራሉ፤ እስከ ዛሬም አልከዳቻቸውም። ልጆቹ «የተበላሸ ነገር እንዴት ይጠቅማል?» ብለው ተከራከሩ። ተክሉ እንዲድን ከእናትም ከአባትም የተበላሸችውን መውረስ አለበት። ስለዚህ ቀይና ነጭ ቦሎቄ እኩል ከተቀላቀለባቸው ሁለት ከረጢቶች ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ አንድ አወጡ፤ ቀዩ የተበላሸችው ጂን ናት። ቀይ ከቀይ የተገናኘው ወደ ሩብ ተጠጋ። ያን ጊዜ ገባቸው።

ከዚያ በኋላ ዘር ማምጣት ጀመሩ። ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከላይ አርማጭሆ። አንዲት እናት የነጠላቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን ገብስ ራሳቸው ይዘው መጡ።

«እማማ፣ ይሄን በሽታ ይነካዋል?»

«ምን ይነካዋል ልጄ! ሌላው ሲያር እሱ ይቆማል። ለበሶ ነው የምናስቀምጠው።»

ከጥምቀት በዓል ስንመለስ ሁለት ጠርሙስ ዘር ነቅዞ አገኘን። በደንብ ሳላደርቅ ማስቀመጤ አሁንም ያንገበግበኛል። የቀረውን ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ አመድ ቀላቅለን አሸግነው።

ችግኝ ተከላውም የጥያቄና መልስ ውድድሩም በጊዜያቸው ተካሂደዋል።

አሁን መደርደሪያው ላይ 23 ጠርሙስ አለን። ሐምሌ ላይ እንዘራቸዋለን፤ ከዚያ በፊት መሬቷን ማስፋት፣ የላላውን አጥር ማጥበቅ አለብን። ጎታችሁ ውስጥ የቆየ ዘር ያላችሁ ወላጆች፣ አንድ እፍኝ በልጆቻችሁ ላኩልን። ከየት እንደመጣና ማን እንዳቆየው ወረቀት ላይ ጻፉበት።