በኮሚክ ኦርጅናል ሥዕሎች ላይ ስላለ ፊርማ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

«ይህ ገጽ ፊርማ የለውም፤ ታዲያ ዋጋው ለምን አልቀነሰም?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰናል። ያልተፈረመ ገጽ የገዙ ደግሞ ሠዓሊውን ሊያስፈርሙ አስበው በምን ብዕር ይሁን ይሉናል። ሁለቱንም አንድ ላይ መመለሱ ይሻላል።

ታትሞ የወጣ የኮሚክ (በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ ታሪክ) ኦርጅናል፣ ማለትም ሠዓሊው ለኅትመት በእጁ የሣለው ገጽ፣ ማንነቱን የሚናገረው ራሱ ነው። የታተመውን ቅጂ ከጎኑ አድርጋችሁ መስመር በመስመር ታስተያያላችሁ። ኦርጅናሉ ላይ በኅትመቱ የማይወጡ ነገሮች ይገኛሉ፦ በደንብ ያልጠፋ የእርሳስ ንድፍ፣ ስሕተት የተሸፈነበት ነጭ ቀለም፣ ተቆርጦ የተለጠፈ የንግግር ጽሑፍ፣ ከሥሩ በዕድሜ ቢጫ የሆነ ሙጫ፣ በኅዳጉ ላይ የአርታኢ ማስታወሻ። መጠኑንም ለኩ። የዛሬው የአሜሪካ ገጽ ካርቶን 28 በ43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ሥዕሉ 25 በ38 ያህሉን ይይዛል፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፊት የነበረው በግልጽ ይተልቅ ነበር። የእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ነው የተባለ ገጽ በዛሬው መጠን ከመጣ ፊርማው የቱንም ያህል ቢያምር ጥርጣሬ ይግባችሁ። ይህን ሁሉ ምልክት አሟልቶ ማስመሰል ብዙ ድካም ይጠይቃል፤ ፊርማ ማስመሰል ግን የሰከንዶች ሥራ ነው። ለታተመ ገጽ አለመፈረሙን እንደ ጉድለት የማንቆጥረው ለዚህ ነው።

ከሥዕሉ ጋር አብሮ የታተመ ፊርማም ቢሆን የሠዓሊውን እጅ አያረጋግጥም። ለረጅም ዓመታት የባትማን ታሪኮች የቦብ ኬንን ስም ይዘው ሲወጡ ብዙዎቹን የሣሉት ዲክ ስፕራንግና ሼልደን ሞልዶፍን የመሰሉ ሌሎች ነበሩ። የሚኪ ማውስን የጋዜጣ ኮሚክ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የሣለው ፍሎይድ ጎትፍሬድሰን ሲሆን በላዩ የሚነበበው ስም የዋልት ዲዝኒ ነበር። እንዲህ ያለውን ገጽ ስትገዙ የምትከፍሉት ለሣለው እጅ መሆኑን አትርሱ። በተቃራኒው፣ በጋዜጣው ላይ የታተመው ፊርማ ከኦርጅናሉ ላይ ከታጣ ምክንያቱን ጠይቁ፤ ተለጥፎ የነበረ ወረቀት ወድቆ ሊሆን ይችላል፣ ቅጂም ሊሆን ይችላል።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ግን ፈራሚው ሁለት ሲሆን ነው። አንዱ በእርሳስ ይነድፋል፣ ሌላው ንድፉን በጥቁር ቀለም ያጸናዋል። ድሮ ሁለቱም በአንድ ካርቶን ላይ ይሠሩ ነበር። አሁን ግን ብዙ ጊዜ የእርሳሱ ንድፍ በስካነር ይላክና በሌላ ካርቶን ላይ በፈዛዛ ሰማያዊ ታትሞ ቀለሙ በዚያ ላይ ይሠራል። እንዲህ ሲሆን ኦርጅናሉ ሁለት ነው። በቀለሙ ገጽ ላይ ነዳፊው ቢፈርምም ከሥር የእርሳስ ምልክት የለውም፤ የእርሱ እጅ የነካው ፊርማውን ብቻ ነው። በአጉሊ መነጽር እዩት፦ የእርሳስ መስመር ግራጫ ነው፣ ከጎን ሲበራበት ያብለጨልጫል፤ የታተመው ሰማያዊ ግን አያብለጨልጭም።

ፊርማ በእውነት የሚፈለገው ታትሞ ባልወጣ ሥራ ላይ ነው። በትእዛዝ ለተሣለ ምስል ወይም ለፈጣን ንድፍ የሚያስተያዩት የታተመ ገጽ የለም፤ ስለዚህ ፊርማና ቀን ከሌለው ዋጋው ይወርዳል፣ እኛም ቀንሰን እናቀርበዋለን። «ለእገሌ፣ ከመልካም ምኞት ጋር» የሚል ጽሑፍ ካለበት አንዳንዱ ገዢ ይሸሻል። በእኛ ግምት ሽሽቱ የተጋነነ ነው፤ ሥራው ከሠዓሊው እጅ በቀጥታ እንደወጣ የሚጠቁም ምልክት ነውና። ስሙን ለመፋቅ አትሞክሩ። የተፋቀ ካርቶን ይሳሳል፣ ሻካራ ይሆናል፣ መብራት ከጎን ሲበራበት ወዲያው ይጋለጣል፤ ጉዳቱም ከማይታወቅ ሰው ስም የባሰ ነው።

ማስፈረም ከፈለጋችሁ ቦታው የታችኛው ኅዳግ ነው። ስፋቱ ብዙ ጊዜ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ፊርማው ከሥዕሉ ጠርዝ በ1.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይቆይ፤ የቀረው በፍሬሙ ውስጥ ዙሪያውን የሚሸፍነው ባለመስኮት ካርቶን የሚይዝበት ነው። ፍሬም ለሚሠራላችሁ ባለሙያም ፊርማው እንዲታይ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ካልሆነ መስኮቱን በሥዕሉ ልክ ቆርጦ ይሸፍንባችኋል። በገጸ ባሕርዩ ፊት ላይ ወይም በተለጠፈ ወረቀት ላይ የሚፈረም ፊርማ የማንም ቢሆን ገጹን ያበላሻል።

ብዕሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ በቦታው የሚገኘው ብዙ ጊዜ ወፍራም ማርከር ነው። የማርከር ቀለም በአልኮል የሚሟሟ ስለሆነ ወደ ካርቶኑ ይሰርጋል፣ ዙሪያውም በዓመታት ውስጥ ይበጫል፤ ብርሃን ካገኘው ደግሞ የገጹ ጥቁር ቀለም ሳይነካ ፊርማው ብቻ ይደበዝዛል። ተራ እስክሪብቶ ካርቶኑን ይሰረጉዳል። የወርቅና የብር ቀለም ያላቸው ብዕሮች ጠብታ ይጥላሉ፣ ሳይደርቁ ከተከደኑም ገጹ ከሚቀመጥበት ፕላስቲክ ጋር ይጣበቃሉ። የሚያዋጣው በውኃ የማይለቅ፣ ብርሃን የሚችል የፒግመንት (የማይሟሟ የቀለም ብናኝ ያለው) ብዕር ሲሆን ጫፉ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ለስላሳ እርሳስም ይበቃል። መጀመሪያ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይሞከር። ከገጹ ሥር ጠንካራ ሰሌዳ፣ ከፈራሚው መዳፍ ሥር ንጹሕ ወረቀት አድርጉ። ወደ ፕላስቲኩ ከመመለሳችሁ በፊትም ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይድረቅ።

ከእንግዲህ በምንልክላችሁ ዝርዝር ላይ እያንዳንዱ ፊርማ ከሦስት በአንዱ ይገለጻል፦ «ከሥዕሉ ጋር የታተመ»፣ «በሥራው ጊዜ በኅዳጉ የተፈረመ»፣ «በኋላ የተጨመረ»። የፈረመው ነዳፊው ይሁን ቀለም የሠራው፣ ገጹም በሰማያዊ ኅትመት ላይ የተሠራ እንደሆነ አብሮ ይጻፋል። ከመግዛታችሁ በፊት መብራት ከጎን በርቶበት የተነሣ ፎቶ ወይም የጀርባውን ፎቶ ከፈለጋችሁ የዝርዝሩን ቁጥር ጠቅሳችሁ ጠይቁን፤ ያለክፍያ እንልካለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር