የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ፦ ታይመር ስንፈታ የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን በሶዳና በኮምጣጤ የሚፈላ እሳተ ገሞራ አልሠራም። ተማሪውም ሰልችቶታል፣ እኔም ሰልችቶኛል። የከረምነው በአሮጌ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው።

ነገሩን ያስጀመረችው አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ቲቸር፣ ኮምፒውተር የሌለው ማሽን መቼ ማጠብ፣ መቼ መጭመቅ እንዳለበት በምን ያውቃል?» አለች። አንድ ወላጅ የተበላሸ ማሽናቸውን ሰጡን። ስፒናው ተነቅሎ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተሩ ባዶ መሆኑ በቴስተር ከታየ በኋላ በካቻቢቴው ሽሚያ ሆነ።

መልሱ ያለው ሰዓቱን በሚቆጣጠረው ክፍል፣ በታይመሩ ነው። ውስጡ ያገኘነው የክብሪት ቀፎ የምታህል ሞተር፣ ጥርሳማ ጎማዎችና አንድ የፕላስቲክ ከበሮ ነው። በቃ! ሞተሯ ፍጥነቷን የምትወስደው ከመስመሩ ድግግሞሽ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ቮልቴጁ ትንሽ ቢወርድም ፍጥነቷ አይዛነፍም። ጎማዎቹ ያንን ፍጥነት እየቀነሱ ከበሮውን ቀስ ብለው ያዞሩታል። ከበሮው ዙሪያውን ጉብታና ጎድጓዳ አለው። ቀጫጭን የብረት ምላሶች ጉብታው ሲያነሣቸው ኮንታክቱ ይገጥማል፣ ጎድጓዳ ሲያገኙ ይለያያል። አንዱ ምላስ ውኃ ማስገቢያውን፣ አንዱ ማጠቢያ ሞተሩን፣ ሌላው ፓምፑን ያዛል።

አንድ ልጅ ከበሮውን የማኅተም ቀለም ቀብቶ ነጭ ወረቀት ላይ አንከባለለው። ትይዩ መስመሮች ወጡ። ረጅሙ ሰረዝ ብዙ ደቂቃ የሚሠራ ክፍል ነው፣ አጭሩ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ። የማሽኑ ፕሮግራም በሙሉ እዚያ ወረቀት ላይ ይነበባል። የዓመቱ ምርጥ ሥራችን እሱ ነው ባይ ነኝ፤ ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ባለ ሁለት ገንዳውን ማሽን ስንሞክር ደግሞ መብራት ሄደ። የሱ ታይመር በሞላ የሚሠራ ነው፤ ቁልፉን ስታዞሩት ሞላው ይጠቀለላል። ማሽኑ ቆሞ ታይመሩ ቀጭ ቀጭ እያለ ዜሮ ገባ። መብራት ሲመጣ ልብሱ እንደቆሸሸ ነው፤ ታይመሩን እንደገና መሙላት ግድ ሆነ። ባለ ሞተሩ ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል፣ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ለከተማችን ለደብረ ብርሃን የሚሻለው የትኛው ነው በሚል የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

የፍሪጅ ታይመርም አይተናል። «በዚህ ብርድ ፍሪጅ ምን ያደርጋል?» ያለ አልጠፋም። ያመጣው ልጅ ግን ቤተሰቦቹ ሸዋ ሮቢት ናቸው፤ እዚያ ያለ ፍሪጅ አይሆንም። በረዶ በራሳቸው በሚያሟሙ አሮጌ ፍሪጆች ውስጥ ታይመሩ የሚያቀዘቅዘውን ሞተር (ኮምፕረሰሩን) ለሰዓታት ካሠራ በኋላ ያጠፋውና በረዶ የሚያቀልጠውን ማሞቂያ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ ያህል ያበራል። ፍሪጅ ውስጥ ማሞቂያ መኖሩን ለማመን ልጆቹ ሽቦውን በጣታቸው መከተል ነበረባቸው።

ለመጪው ዓመት የተበላሸ ታይመር ያላችሁ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት እኛን አስቡን። ማይክሮዌቭ ግን አንቀበልም፤ ካፓሲተሩ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ሰው ሊገድል የሚችል ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል።