አባዬ፣ ክፍል ውስጥ ስለ አንተ ተከራከርኩ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ ላይ ግማሹን ስለማትሰማኝ፣ እታለም ታነብልሃለች ብዬ ይሄን ጻፍኩ። የደብረ ብርሃን ብርድ አይታመንም፤ ጋቢህን ደርብ። የላክሁልህንም ካልሲ ለበዓል ብለህ አታስቀምጠው።

የማታ ትምህርቱ ደህና እየሄደ ነው። ከሥራ ወጥቼ ስድስት ኪሎ እስክደርስ የታክሲ ሰልፉ ያንገላታኛል እንጂ ክፍሉስ ደስ ይላል። በዚህ ሴሚስተር የእንግሊዝኛ መምህራችን የሰጠችን ርዕስ “ሥነ ምግባር፣ ሚዲያና ሥነ ጽሑፍ” የሚል ነው። እኔ ሰዋስው ስጠብቅ ክርክር መጣ። የክፍሉ ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ ታናናሾቼ ናቸው፤ አፋቸው አያርፍም።

መጀመሪያ ያነበብነው የጆርጅ ኦርዌልን “1984” ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣ መጽሐፍ ነው። ዊንስተን ስሚዝ የሚባል ሰው የእውነት ሚኒስቴር በሚባል መሥሪያ ቤት ይሠራል። ሥራው የድሮ ጋዜጣ ማስተካከል ነው። መንግሥት ትናንት የተናገረው ዛሬ ካልሆነ፣ የትናንቱ ጋዜጣ ይቀየርና አሮጌው ይቃጠላል። አንድ ቀን እንዲያውም ኦጊልቪ የሚባል፣ ጨርሶ ኖሮ የማያውቅ ጀግና ከጭንቅላቱ አውጥቶ ዜና ውስጥ ይከተዋል። የሚገርመው ሰውዬው ሥራውን ይወደዋል። በሕይወቱ ትልቁ ደስታው እሱ ነው።

አንዱ ልጅ ተነሳና “ዊንስተን ፈሪ ነው፤ እጁን መሰብሰብ ነበረበት” አለ። ደሜ ፈላ። “አንተ ልጅ አለህ?” አልኩት። እሱም ቀበል አድርጎ “ዊንስተንም እኮ ልጅ የለውም!” አይለኝም? ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ግን እኔ የተከራከርኩት ስለ ዊንስተን አልነበረም።

ያየሁት አንተን ነው አባዬ። ትንሽ ልጅ ሆኜ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ይዘኸኝ የገባህበትን ቀን ታስታውሳለህ? ከፊደል መሳቢያው ፊት ቆመህ፣ ዓይንህ ወረቀቱ ላይ ሆኖ እጅህ ግን ብቻውን እየሄደ የእርሳሱን ፊደል ይለቅም ነበር። “የፈረንጅ ፊደል ለቃሚ በ26 ይገላገላል፤ እኛ ከ230 በላይ ነው የምናስሰው” ብለህ ተኩራራህብኝ። ፊደሎቹ የተገለበጡ ነበሩ። አንተ ግን እንደ ቀና ጽሑፍ ታነባቸው ነበር። አውራ ጣትህ ላይ ያለው ጥቁረት በሳሙና አይለቅም፤ እንጀራ ስትቆርስ ሁሌ የማየው እሱን ነው።

እማዬ “ዛሬ ምን ወሬ አለ?” ስትልህ “እኔ ፊደል ነው የምለቅመው፣ ወሬ አይደለም” ትላት ነበር። ነፍሷን ይማርና፣ በዚህ መልስህ ስትናደድ! ግን ደግሞ የታተመውን ይዘህ ትመጣና ርዕሱን በጣትህ እየነካህ “አንድ ግድፈት የለበትም” ትለን ነበር። ንግግሩ የማንም ይሁን የማን ጉዳይህ አልነበረም። ልጁ “ፈሪ” ሲል አልተዋጠልኝም። “ለቃሚው ምን አገባው” ብዬ ለመዝጋትም አፌ እሺ አላለኝም። ያንን ጋዜጣ አምኖ ልጁን ለዘመቻ የላከም ሰው ነበረ። ይሄን የምጽፍልህ ልከስህ ብዬ አይደለም፤ እስከ አሁን ወዲያና ወዲህ እያልኩ ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ “ኦሮማይ” ነው። አዎ፣ የእኛው ኦሮማይ! በ2017 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ደርግ በኤርትራ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ፕሮፓጋንዳ ሊሠራ አስመራ ይሄዳል፤ ቀሪውን አንተ ታውቀዋለህ። መምህራችን ስለ በዓሉ ግርማ ስትነግረን ክፍሉ ጸጥ አለ። አዲስ ዘመንን በዋና አዘጋጅነት የመራ፣ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም የነበረ ሰው ነው። መጽሐፉ በ1975 ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ። እሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ዜና በሚወጣበት ቤት ተቀምጦ ዜና ላይ ማለት ያልቻለውን በልብ ወለድ አለው። ከክፍሉ ልጆች ግማሾቹ ይሄን ታሪክ ሰምተውት አያውቁም፤ እዚህ ላይ ግን ጥፋቱ የእነሱ አይመስለኝም።

ያንተን ኦሮማይ ለክፍሉ ይዤ ሄድኩ። “ቀስ ብለሽ ያዢው” ብለህ የሰጠኸኝን። ያለበስክለትን የጋዜጣ ሽፋን ሳልነካ ነው ያሳየኋቸው። ሽፋኑ ላይ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ከዕቅድ በላይ አመረቱ የሚል ዜና አለ፤ ጫፉ ላይ የጣትህ አሻራ። የተለቀመውን መጽሐፍ በመንግሥት ዜና ሸፍነህ በታክሲ ይዘኸው ትሄድ ነበር ማለት ነው። ዜናውንም ራስህ ለቅመኸው ይሆናል። ያ “ፈሪ” ያለው ልጅ መጽሐፉን እያገላበጠ ብዙ ቆየ። ምንም አላለም።

በጣም የተጨቃጨቅነው ግን በፊልሙ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ለእንግሊዝ ሕዝብ ያሳየውን ታውቀዋለህ። እዚህ ግን ተደብቆ የነበረ ረሃብ ነው። ደርግ ያንኑ ፊልም ወስዶ የጃንሆይን ድግስና ሥጋ የሚበሉ ውሾቻቸውን መሐል መሐሉ ሰካበትና መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ጠዋት ጃንሆይ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ጎረቤት ቤት በር ላይ ቆመህ እንዳየኸውና የአዲስ ዓመት ምግብ አልወርድ እንዳለህ ነግረኸኛል።

መምህራችን “ፊልሙ እውነት ነው ወይስ ውሸት?” አለችን። ፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ “ውሻውም ሥጋ በልቷል፣ ሰዉም በረሃብ አልቋል። ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?” አለች። መልስ ጠፋ። እኔም ውሸት ነው ለማለት አልደፍርም። ለማን እንደጠቀመ ግን ግልጽ ነው፤ ያሳዩት ሰዎች ጠዋት ወንበሩን የሚፈልጉት ናቸው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። እነዚያ የወሎ እናቶች አንዴ ለእንግሊዝ ተመልካች ታዩ፣ አንዴ ለአብዮቱ። በሁለተኛው ጊዜ “ከውሻ ጎን ልናደርጋችሁ ነው” ብሎ የነገራቸው ያለ አይመስለኝም።

ይሄን ያልኩት ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። ባለፈው ከሥላሴ በኩል ወደ አራት ኪሎ ስወጣ አንድ ዩቲዩበር አንዲት እናት ፊት ቆሟል። ስልኩን ዘንግ ላይ ሰክቷል። ብሩን ሰጣት። ከዚያ ቀረጻው ስላላማረው መልሶ ተቀበላትና እንደገና ሰጣት። ሁለተኛ ሲሰጣት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። “እማማ፣ ፊትዎት አይታይም” አላት! እሷም ዝቅ አደረገችው። ምን ታድርግ፣ ብሩ ገና እጁ ላይ ነው። አንተ እንደምታውቀው አራት ኪሎ ድሮ ሰዉ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነብበት ነበር። አሁን ሁሉም በስልኩ ይሄን ነው የሚያየው፤ እኔም ጭምር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ እናስገባለን፤ የእኔ ስለ አንተ ሆነ። ስምህን አላነሳሁም፤ “በማተሚያ ቤት የሠራ ሰው” ነው የሚለው። ግን ለእማዬ የምትመልስላትን ቃል አስገብቼዋለሁ። የኦሮማዩንም ሽፋን። “ለቃሚውም ድርሻ አለው” የሚል አንድ አንቀጽም አለበት፤ እሱን ስትሰማ ደስ ላይልህ ይችላል። እታለም በአማርኛ እንድታነብልህ ለብቻው ጽፌ አያይዤዋለሁ። አይሆንም ካልክ አወጣዋለሁ። የማልስማማበት ካለህ ደግሞ ንገራት፤ በቴሌግራም ትልክልኛለች፣ እኔም እንዳለ እጽፈዋለሁ። ለማስገባት ገና ሦስት ሳምንት አለኝ፤ አትቸኩል።

ሌላ አንድ ጥያቄ፦ መጽሐፉን ያኔ ከማን አገኘኸው? ይሄኛው ለጽሑፉ አይደለም፤ ለራሴ ነው። መናገር ካልፈለግክም ግድ የለም።

የላክኸው ቆሎ ደርሶናል፤ ልጆቹ በሁለት ቀን ጨረሱት።

ልጅህ