«ባረቀ» ብለን የምናልፈው ጥይት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በእኛ በጎጃም ጠመንጃ ባረቀ ሲባል ዝናብ ጣለ እንደማለት ነው፤ ጣቱን ቃታው ላይ ያሳረፈው ሰው አይነሳም። ልጅ ሳለሁ ብቸና አካባቢ፣ በሠርግ ማግስት፣ ጎልማሶች ነጭ ድንጋይ ገደሉ ሥር አስቀምጠው በምንሽር ዒላማ ይወዳደሩ ነበር። ተራው የደረሰው ዘመዳችን ካቀባበለ በኋላ «ልጆቹን ዞር አድርጓቸው!» ሊል ወደ እኛ ሲመለስ አፈሙዙም አብሮት ዞረ። ባረቀ። ጥይቱ ከአጎቴ እግር አንድ ክንድ ርቆ መሬቱን መታው፤ አፈሩ ነጭ ኩታው ላይ ተረጭቶ አሁንም ይታየኛል። ሽማግሌዎቹ «እግዜር አወጣን» አሉ፤ ተኩሱም ቀጠለ።

ስህተቱ የጀማሪ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ማቲው ኤመንስ እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ የመጨረሻ ጥይቱን በሌላ ተወዳዳሪ ዒላማ ላይ ተኩሶ ወርቁን አጣ። በ2008 ቤጂንግ ላይ ደግሞ በደንብ ሳያነጣጥር ጣቱ ቃታውን ነክቶ 4.4 ነጥብ ብቻ አገኘ፤ አራተኛ ወጣ። ሜዳሊያ ቀረበት እንጂ ሰው አልተጎዳም፤ አፈሙዙ ሁልጊዜም ወደ ዒላማው ነበርና። እዚያ ትእዛዝ ሳይሰጥ ማንም አያጎርስም፤ ተኩሱ ሲያበቃም ጠመንጃው ባዶ መሆኑን የሚያሳይ ደማቅ ምልክት ይሰካበታል።

የጥር ሠርግ የምትደግሱ ወገኖቼ፣ እባካችሁ አንድ የሚታፈር ሰው መድቡ። እሱ ቃል እስኪሰጥ ማንም አያቀባብል፣ ልጆችም ከተኳሹ ኋላ ራቅ ብለው ይቁሙ።

አንባቢያችሁ፣ ከምሥራቅ ጎጃም