ቅጽልን ስናስተምር አማርኛችንን ለምን እንሸሻለን?

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጎንደር ከተማ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛ ቅጽሎች ላይ የሚሠሩት ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ከስንፍና ሳይሆን የአማርኛን ሕግ ሳይታወቃቸው ይዘው ከመሻገራቸው የሚመጣ እንደሆነ፣ ይህንንም ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን በማስቀመጥ ማቃናት እንደሚቻል ለማስረዳት ነው።

ስለ ፋሲል ግቢ ድርሰት ሳጽፋቸው «ቢግስ ካስልስ» የሚሉ ልጆች አይጠፉም። ይህን የጻፈው ልጅ በራሱ መንገድ አስቧል፤ «ትልልቅ ግንቦች» ሲባል እየሰማ አድጓልና ቅጽሉም እንደ ስሙ መብዛት ያለበት ይመስለዋል። በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ከሆነ ደግሞ ቅዱስ ገብርኤል፣ ቅድስት ማርያም፣ ቅዱሳን መላእክት እያለ ቅጽል በጾታም በቁጥርም ከስሙ ጋር ሲስማማ ለምዷል። የእንግሊዝኛ ቅጽል ግን ለአንድም ለሃያም፣ ለሴትም ለወንድም ያው «ቢግ» ነው። ቁጥርን ተከትለው የሚለወጡት እንደ «ዚስ» እና «ዛት» ያሉት አመልካች ቃላት ናቸው።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው «ራበኝ» የምንልበት መንገድ ነው። በአማርኛ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ ስንል ሁሉም ግሶች ናቸው፤ ሰውየው ረሀቡ የደረሰበት እንጂ የድርጊቱ ባለቤት አይደለም። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን ባለቤት አድርጎ፣ ረሀቡን በቅጽል ገልጾ፣ በመካከላቸው የመሆንን ግስ ያስገባል፤ «አይ አም ሃንግሪ» ይላል። ተማሪው «አይ ሃንግሪ» ብሎ «አም»ን የሚዘለው በራሱ ቋንቋ በዚያ ቦታ «ነኝ» የሚል ቃል ስለሌለ ነው። ያው ተማሪ «ረጅም ነኝ» የሚለውን ሲተረጉም «አም»ን እምብዛም አይረሳም። ይህ ልዩነት በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ጊዜ በግልጽ ቢቀመጥለት ዓመት ሙሉ ቀይ እስክሪብቶ ከማየት ይድን ነበር።

በሌላ በኩል አማርኛችን ራሱ ቁልፉን ይዞ የሚገኝበት ቦታ አለ። ሰልችቶኛል ለማለት «አይ አም ቦሪንግ» የሚል ተማሪ ሳያውቀው «እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ» ማለቱ ነው። አሰልቺና የሰለቸው፣ አስደሳችና የተደሰተ፣ አድካሚና የደከመው የተለያዩ መሆናቸውን ግን ማንም የጎንደር ሕፃን ያውቃል። ወደ ራስ ዳሽን የሚያወጣው መንገድ አድካሚ ነው፤ በእንግሊዝኛው «ታይሪንግ» ይባላል። መንገደኛው ግን ደክሞታል፤ እርሱ «ታይርድ» ነው። ስሜቱን የሚያመጣው ነገር በ«ኢንግ»፣ ስሜቱ ያደረበት ሰው በ«ኢዲ» እንደሚጨርስ ከዚህ ወዲያ ብዙ ማብራራት አያሻም።

የቅጽሎችን ቅደም ተከተል በተመለከተ፣ እንግሊዝኛ አስተያየትን ከዕድሜ፣ ዕድሜንም ከተሠራበት ነገር ስለሚያስቀድም «ቢውቲፉል ኦልድ ስቶን ካስል» ይላል። «ውብ ጥንታዊ የድንጋይ ግንብ» ስንል የእኛም አነጋገር ከዚሁ ጋር ይገጥማል።

ቅሬታዬ ይህ ነው፤ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ መናገር እንደ ነውር ይቆጠራል። እኔም ከዓመታት በፊት «ራበኝ»ን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳስረዳ ተገሥጫለሁ። ተማሪዎች በእንግሊዝኛ እንዲለማመዱ የተፈለገበትን ምክንያት አከብራለሁ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንሱንም ሒሳቡንም የሚማሩት በዚሁ ቋንቋ ነውና። ሆኖም ልዩነቱን ለማሳየት አምስት ደቂቃ አማርኛ መናገር የቀረውን ክፍለ ጊዜ ፍሬያማ ያደርገዋል እንጂ አያባክነውም።

ጋዜጣችሁ ለተማሪዎች የሚሆን አንዲት ጠባብ ዓምድ ቢፈቅድልን፣ እኔና መሰል መምህራን እንዲህ ያሉ ንጽጽሮችን ያለ ክፍያ እያዘጋጀን ለመላክ ዝግጁ ነን። የመጀመሪያውን፣ ስለ ማወዳደሪያ ቅጽሎች የሚናገረውን፣ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንግሊዝኛ መምህር
ከጎንደር