ዲናሞውን ብቻውን አታምጡት

ለውድ ደንበኞቻችን፣

ከአሁን በኋላ የአሮጌ ትራክተር ዲናሞ ለጥገና ስታመጡ ሬጉሌተሩንም (የባትሪውን ቻርጅ የሚቆጣጠረውን ሳጥን) ፈታችሁ አብራችሁ እንድታመጡልን እንጠይቃለን። «ብር ፈልገው ነው» እንዳትሉን ምክንያቱን እንንገራችሁ።

ባለፈው የእርሻ ወቅት ከኢተያ የመጣ የማሴ ፈርጉሰን 35 ዲናሞ የውስጥ ሽቦውን በአዲስ ጠቅልለን ሸኘን። በሳምንቱ ተመለሰ። ስንከፍተው የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ወርክሾፑን ሞላው። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ሬጉሌተሩን ሳናይ ነው የሰጠነው። ድጋሚ በነፃ ጠቀለልነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ መኪና አልተርኔተር ነው ያለው። ቤላሩስ 80ም እንደዚያው ስለሆነ ይሄ ደብዳቤ እሱን አይመለከትም። የድሮዎቹ ማሴዎች ግን ዲናሞ ናቸው። በመሀል ጥቅሉ (የተጠቀለለው ሽቦ) ይሽከረከራል፣ ሁለት ካርቦኖች ከላዩ ላይ ኤሌክትሪኩን ይለቅማሉ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲሆን (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ሲዞር) የዲናሞው ቮልት ከባትሪው ያንሳል። በዚያ ሰዓት መንገዱ ክፍት ከሆነ ባትሪው ወደ ዲናሞው ይፈሳል። ይህንን የምትከለክለው ሬጉሌተሩ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ሪሌ (በኤሌክትሪክ ራሷ የምትገጥምና የምትለቅ ማብሪያ ማጥፊያ) ናት። የዲናሞው ቮልት 13 አካባቢ ሲደርስ ትገጥማለች፣ ሲወርድ ትለቃለች። ስለዚህ ሚኒሞ ላይ ቀይዋ የቻርጅ መብራት ብልጭ ብትል አትደንግጡ። ነዳጅ ስትሰጡት ካልጠፋች ግን ኑ።

የኢተያው ትራክተር ላይ የሪሌዋ መገናኛ ነጥቦች ተጣብቀው ቀርተዋል። ባለቤቱ ሞተሩን አጥፍቶ እራቱን ሲበላ ባትሪው ዲናሞውን እንደ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) ሊያዞረው ይታገላል። ከቆመው ሞተር ጋር ያገናኘው ችንጋ ደግሞ ጠፍሮ ይዞታል። መዞር ያቃተው ጥቅል ይግላል፣ ከዚያ ይነዳል። አዲስ ጥቅል ብናስገባም ያው ሪሌ እዚያው ነበረች!

ሌላዋ ሪሌ የምርቱን ልክ ትይዛለች። እሷ ስትበላሽ ባትሪው ይፈላል። ውሃ ቶሎ ቶሎ የምትጨምሩ ከሆነ አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት እሷን አሳዩን።

ስለ ባትሪ ካነሳን፦ ከእነዚህ ትራክተሮች አንዳንዶቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ቦዲ ላይ የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። አንድ ሰው ገልብጦ ካሰረው ዲናሞው ውስጡ በቀረው የድሮ ማግኔት ከባትሪው በተቃራኒ ያመርታል፣ የሪሌዋም ነጥቦች ይቃጠላሉ። መፍትሔው ማግኔቱን ወደ አዲሱ አቅጣጫ መመለስ ነው፤ ቀላል ነው። ዲናሞው የእንግሊዙ ሉካስ ሥሪት ከሆነ ከትንሹ «ኤፍ» ተርሚናል ገመዱን ንቀሉ። ከዚያ ቦዲ ላይ ካልታሰረው የባትሪ ጫፍ በሌላ ገመድ «ኤፍ»ን ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አድርጉ። የአሜሪካ ሥሪት ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ደውሉልን።

ሌሊት ለማረስ መብራት የምትጨምሩም አላችሁ። ሉካስ ሲ40-1 የሚባለው ዲናሞ ቢበዛ 22 አምፔር ነው የሚሰጠው። አራት ባለ 55 ዋት መብራት ብቻ 18 አምፔር ይበላል። ለባትሪው የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። ሁለት መብራት ይበቃል ብለን እናምናለን፤ አልስማማም የሚል ባትሪውን በየወሩ ቻርጅ ያድርግ።

ስትፈቱ የትኛው ገመድ ከየት እንደተነቀለ ፎቶ አንሱ። ወፍራሙ የትልቁ ተርሚናል የ«ዲ»፣ ቀጭኑ የ«ኤፍ» ነው። ሬጉሌተር ለማየት አናስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌትሪክ ክፍሉ ሠራተኞች
አዳማ